ያሳጠርኩት ንግግር

አስተርጓሚ ለመሆን አልተማርኩም። ሶዶ ውስጥ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነበር የምውለው። ባለሙያዎች ከአዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ መጥተው ገበሬ ማነጋገር ሲፈልጉ ግን አለቃዬ በሩ ላይ ብቅ ይልና «ና እስቲ፣ አንተ አማርኛህ ጥሩ ነው» ይለኛል። አማርኛዬ ጥሩ የሆነው ከተማ ስላደግኩ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ በወላይትኛ ታናግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ። ያን ጊዜ ይህን እንደ መሠልጠን እቆጥረው ነበር።

ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈው ነበር። ባጃጅ ሶዶ ውስጥ ገና አዲስ ነበር። በየስብሰባው ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚባለው ነገር መደጋገም የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ወላይትኛ ስላላገኘሁለት «ሰማዩ ጠባዩ ተቀይሯል» እያልኩ እተረጉመው ነበር። ገበሬዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከእኔ ቀድመው እንደሚያውቁት አይቼ እንኳ አላፈርኩም።

የዚያን ዓመት በልግ ዘገየ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል ከአዋሳ የመጣች አንዲት ባለሙያ ተበላ በምትባለው የቆላ ከተማ ስብሰባ ጠራች። ገና ወጣት ናት፤ ማስታወሻ ደብተሯን ከእጇ አትለይም። አለቃዬም አብሮን ወረደ። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ስለነበረው ረፋዱ ላይ እንደ ምጣድ ጋለ። ገበሬዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ፣ እኔም ተረጎምኩ። ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀር ከኋለኛው አግዳሚ ወንበር አንዲት እናት ተነሡ።

ረዘም ያሉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴት ናቸው። የቀበሌ ሥልጣን የላቸውም፣ ሞዴል አርሶ አደርም አልተባሉም። ሲነሡ ግን ወንዶቹ ዝም አሉ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀስ ብለው፣ እያስረዱ፣ በእጃቸው መሬት ላይ የሆነ ነገር እየሳሉ መናገር ጀመሩ። ስለ ስኳር ድንች ሐረግ፣ ስለ እንሰት ጥላ፣ ከወንዙ ዳር ስላለች ረግረግ መሬት፣ ደጋ ስላለው የወንድማቸው ቤት ይናገራሉ። እኔ በግማሽ ጆሮ ነው የማዳምጠው። አለቃዬ ሰዓቱን ይጠቁመኛል። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ አፈርኩ። አነጋገራቸው የእናቴን ይመስላል። ስለ ሐረግና ስለ ጭቃ የሚወራውን ሁሉ ለዚያች ደብተር ለያዘች ባለሙያ በአማርኛ መዘርዘር ራሴን ከእነሱ ጋር አግዳሚው ላይ ማስቀመጥ መሰለኝ።

እሳቸው ጨርሰው ተቀመጡ። ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ዝናቡ ዘግይቶባቸዋል» አልኩ። «ዘር ቢሰጣቸው ደስ ይላቸዋል። ስለመጣችሁም ያመሰግናሉ።»

ባለሙያዋ ጻፈች። ምሳ ሄድን።

በሳምንቱ የበቆሎ ዘር በመኪና ተጭኖ ለእኚያ እናት ቀበሌ ወረደ። ሰዎቹ የተሰጣቸውን ዘሩ። ሚያዝያ ላይ ጥቂት ዘነበ፣ ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ባለሙያዋ የዘሩን ሁኔታ ለማየት ተመልሳ መጣችና እኔም በፒካፕ ተጭኜ አብሬያት ወረድኩ።

በቆሎው ጉልበት ድረስ ደርሶ ቀርቷል። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ነጥቷል፤ ሲነኩት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ባለሙያዋ ፎቶ ታነሣለች፣ የልማት ሠራተኛው ያስረዳታል፤ እሱ አማርኛ ስለሚችል እኔን የፈለገ አልነበረም። በጓሮዎቹ መካከል ብቻዬን ስሄድ እኚያ እናት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጓሯቸው ውስጥ ያለው እንሰት ብቻ አረንጓዴ ነው። በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ተበላ ላይ ተርጓሚው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ያን ቀን ያልኩትን ነገርካቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

ዓይኔን ወደ እንሰቱ መለስኩ። እሳቸው ሳይቆጡ፣ እንዲያውም ፈገግ ብለው፣ «እኔ አማርኛ አልችልም» አሉ። «ግን ያን ቀን ቆሜ ብዙ ተናገርኩ፣ አንተ ምራቅህን ሳትውጥ ጨረስክ። የኛ ቋንቋ ይህን ያህል ይረዝማል?»

«አሳጠርኩት፣ እማማ» አልኩ። «በቆሎው የመጣው በእኔ ምክንያት ነው። ዘር ይፈልጋሉ ብዬ ነው የተናገርኩት።»

የነጣውን ማሳ ተመለከቱ። እኔ ደግሞ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ «በጆሮህ ሰምተህ ካልገባህ በእግርህ ትሰማለህ» አሉኝ። «ቅዳሜ ሐረግ ላመጣ ደጋ እወጣለሁ። ተሸካሚ ያስፈልገኛል። ቤትህ የት ነው?»

«ሶዶ።»

«እንግዲያስ መንገዴ ላይ ነህ።»

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ጠበቅኳቸው። ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ከተበላ ከመጣው ሚኒባስ ወረዱ። ከአራቱ አንዷ ምራታቸው ነች፤ ጨዋታ የምታውቅ፣ ሣቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። የሚሸከም ወንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ማግኘታቸው ሴቶቹን አስቋቸዋል። ጫማዬን አይታ ምራትየዋ «ይኼ ለቢሮ ነው፣ ለዳሞታ አይሆንም» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ከተማውን ወደ ላይ አልፈን የዳሞታን ተራራ ጎን ስንይዝ ሁለቴ ወደቅኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ከመስኮቴ የማየው ተራራ ነው፤ ከልጅነቴ ወዲህ ግን ወጥቼበት አላውቅም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ከእግራችን ሥር ያለው አፈር ጠቆረ። እማማ የተወለዱበት ግቢ ደረስን። ወንድማቸው አርፏል፤ ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ነች። እሷ ደግሞ የቆላ ልጅ ናት፣ ከሁምቦ ወገን ተድራ የወጣች።

ወደ ጓሮ ወሰደችን። እንሰቱ በሁለት ረድፍ ቆሟል፤ ከሥሩ በጥላው ውስጥ የስኳር ድንች ሐረግ መሬቱን ሸፍኖታል። ቆላ ያለው ሁሉ አልቆ ሳለ ይህ እንደለመለመ ነው። እማማ ተቀመጡና አንዱን ሐረግ አንሥተው አሳዩኝ።

«ይህን እዚህ ያቆየሁት ጥቅምት ላይ ነው» አሉ። «የወንዙን ውኃ አይቼ። ጥር ሳይገባ ውኃው ከታችኛው መሻገሪያ ሲሸሽ በልጉ አጭር እንደሚሆን እናውቃለን። በአጭር በልግ በቆሎ አይደርስም። ስኳር ድንች ግን ዘግይቶ በሚጥል ዝናብም ይይዛል፣ ሐረጉ በእጅህ ካለ። ሐረጉ ከሌለህ ዝናቡ ሲመጣ ባዶ እጅህን ቆመህ ታየዋለህ። ያን ቀን የተናገርኩት ይህን ነው።»

«ሌላስ ምን ብለው ነበር?»

«ሌላውን ስንቆርጥ እነግርሃለሁ።»

እየቆረጥን ነገሩኝ። ነገሩ የተያዘው በጋብቻ ነው። ሴት ልጅ ከደጋ ወደ ቆላ ስትዳር፣ ከቆላም ወደ ደጋ፣ ዘር የሚሄድበት መንገድ ይከፈታል። ቆላ ሲደርቅ ሐረጉ ከላይ ይወርዳል። ደጋ ላይ ደግሞ ክረምቱ በርትቶ ሲያበሰብሰው ከታች ይወጣል። ሐረግ አይሸጥም፣ የጠየቀም አይከለከልም። ሆኖም ደረቁ ዘመን እየረዘመ ሲመጣ የአንድ ጓሮ ሐረግ ለአንድ ሰፈር አልበቃ አለ። ለዚህ ነበር እማማ በስብሰባው ላይ ዘር ያልጠየቁት። የጠየቁት በወንዙ ዳር ያለችው ረግረግ መሬት ከጥቅምት እስከ በልግ ከከብት እንድትታጠርና የሰፈሩ ሴቶች ሐረግ እንዲያቆዩባት ነው። አንድም ነገር ይስጡን አላሉም። «ፍቀዱልን፣ እኛ እንሠራለን» ነበር ያሉት።

እኔ ይህን «ዘር ቢሰጣቸው ደስ ይላቸዋል» ብዬ ተረጎምኩት። እንሰቱ ሥር ተቀምጬ ቢላዋ ይዤ ማልቀስ አማረኝ።

ሐረጉን በየእቅፍ አስረን በእንሰት ቅጠል ጠቀለልነው። ትልቁን እስር እኔ ተሸከምኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ሐረጉ ይጠወልጋል ብዬ ፈርቼ «ዛሬውኑ ቢተከል አይሻልም?» አልኩ።

«ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይተኛል» አሉ እማማ። «ትንሽ ሲጠማው ሥር ለመስደድ ይቸኩላል። አጥግበህ ከተከልከው ይሰንፋል።»

ምራትየዋ ከኋላ ሆና «እንደ ቢሮ ሰው» አለችና ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ያደረግኩትን ነገርኩት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሙሉ በሙሉ ሌላ ነገር ተረጎምክ?»

«አዎ።»

«እኔም ሰዓት ስጠቁምህ ነበር» አለ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበርና እንዲህ ማለቱ አስገረመኝ። «ሴትዮዋ ተመልሰው ይናገራሉ?»

«ይናገራሉ። ግን በአንድ ነገር ነው።»

«በምን?»

«ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ልተርጉም። ሰዓት አይታይብኝም።»

አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሪፖርት የሚያስቸኩለው ሰው ነበር። ባለሙያዋ ሐምሌ ላይ ስትመለስ እማማን ሶዶ አስጠራቸው። ምራታቸውና ሁለት የቀበሌያቸው ሽማግሌዎች አብረው መጡ። ቆላው ያኔ ዝናብ አግኝቷል፤ ያወረድነው ሐረግ መሬት ይዟል።

እማማ ጀመሩ። እኔም «ሴትዮዋ እንደሚሉት...» ብዬ ስከፍት በወላይትኛ አቋረጡኝ። «ሴትዮዋ ማነች? እኔ በል። እኔ እንደምናገረው ተናገር።»

ስለዚህ «እኔ» እያልኩ ተረጎምኩ። እንግዳ ነገር ነው። «እኔ ስዳር ከደጋ ወረድኩ» ስል፣ «እኔ ልጆቼን በዚህ አሳደግኩ» ስል፣ ድምፄ ተለወጠብኝ። የሚሉትን ማሳጠር ከዚያ በኋላ የሚቻል አልሆነም፤ በገዛ አፌ ራሴን እንደማቋረጥ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ «ሐረጋችን ያለው ደጋ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ባለሙያዋ ቀና ብላ «ትውልዳቸው ከደጋ ነው ማለታቸው ነው?» አለች። የዘር ሐረግ የሚባለውን አስባ ነው። ለእማማ ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። «ሁለቱም ነው በላት» አሉ። «እኔም ሐረጉም ከአንድ ጓሮ ነው የወረድነው።» ሁላችንም ሳቅን፤ ባለሙያዋም እየሳቀች ጻፈች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥያቄ በጥያቄ ላይ አመጣች። ማን ቀድሞ ያገኛል? ማን ይወስናል? እማማ መለሱ፤ ቀድሞ የሚያገኘው ጓሮው እንሰት የሌለው ቤት ነው። እንሰት ያለው ቆጮውን እየበላ ትንሽ መጠበቅ ይችላል፣ የሌለው አይችልም። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ ሐረግ ግን ወራት ነው።

አንደኛው ሽማግሌ ግን እጁን አነሣ። «ረግረጓን ካጠራችሁ ከብቶቻችን ውኃ የት ይጠጣሉ?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ባለሙያዋና አለቃዬ ተያዩ።

እማማ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ወንድሜ፣ የላይኛው ጫፍ ለከብት ይተዋል፣ ሁለት ከብት ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ። አጥሩን ሴቶቹ ያጥራሉ። የደረቀውን ሐረግ ደግሞ ለከብትህ ትወስዳለህ።»

«ቅጠሉንም?»

«ቅጠሉንም።»

ሽማግሌው አሰበና «ይሁን» አለ። ይህንንም ተረጎምኩ፣ ሳላሳጥር።

ፈቃዱ በወረቀት ወጣ። የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታን፣ ካከበሩ በኋላ ሴቶቹ ተራ ገብተው አጠሩ። ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። ኅዳር ላይ አጥሩ አንድ ጥግ ላይ ተሰብሮ ከብት ገባና ከመሬቷ ሩብ ያህሉን በላ። ጃርትም አስቸገረ። በአካባቢው ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «በሴቶች ጓሮ ነው እንዴ ድርቅ የምንከላከለው?» ብሎ እንደ ቀልድ ተናግሯል። እማማ ሲሰሙ «በምን እንከላከል ብሏል?» ብለው ጠየቁኝ፣ ከልባቸው ለማወቅ ፈልገው። ያለው ያንን ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። የተበላውን ቦታ እንደገና ተከሉት።

እኔም ተለወጥኩ ማለት እችላለሁ፣ በአንድ ቀን ባይሆንም። መዝገብ ቤት ቆየሁ፤ ስብሰባ ሲኖር ግን አንድ ቀን ቀድሜ ወርጄ ሰዎቹን በየቤታቸው ማነጋገር ጀመርኩ። አረካ ድረስ፣ ሻንቶም አካባቢ እንዲህ እየዞርኩ የማላውቀው ወላይትኛ ብዙ እንደሆነ ተረዳሁ። የአፈር ስም ብቻ ስንት ነው! የማላውቀውን ቃል ይዤ ወደ ቤት እመለስና እናቴን እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ በጥርጣሬ አየችኝ። ከጊዜ በኋላ ምሳ ላይ በወላይትኛ ስመልስላት ምንም ሳትል ወጥ ትጨምርልኛለች።

የቀጣዩ ዓመት በልግም ዘገየ፣ ካለፈው ይብሳል። መጋቢት ሙሉውን ደረቅ ሆነ። ሚያዝያ ሊጋመስ ሲል ሁለት ቀን ጣለ፤ በሁለተኛው ዕለት ቢሮ ሆኜ ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ ስሰማ አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ተበላ ሚኒባስ ያዝኩ።

ስደርስ ረግረጓ ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ከእማማ ቀበሌ ብቻ አይደለም፤ ከአጎራባቾቹ ከሁለቱ ቀበሌዎችም ሴቶች ገመድና ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው መጥተዋል። ሐረጉ መሬቷን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ በዝናቡ ታጥቦ ያበራል። ማንም አልተሻማም። ምራትየዋ መካከል ቆማ ትጠራለች፣ ሁለት ሴቶች ይቆርጣሉ፣ ሁለት ያስራሉ። እማማ አጥሩ ጥግ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ያማቸው ጀምሯል።

ምራትየዋ አንዲት ሴት ጠራች። እማማ ቀና አሉ። «እሷ እንሰት አላት» አሉ። «ተራዋ ገና ነው።»

«አላት፣ እማዬ» አለች ምራትየዋ። «ግን ባሏ ለሥራ አገር ጥሎ ሄዷል። ሦስት ሕፃናት ይዛ ብቻዋን ነች። እንሰቱን ማን ነቅሎ ይሰጣታል? ዘንድሮ ባሎቻቸው የሄዱትን ማስቀደም አለብን።»

በዚያ ሰፈር የእማማን ቃል በሰው ፊት የሚያርም አልነበረም። እማማ ሴትዮዋን አዩ፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለውን ሕፃን አዩ፣ ከዚያ ምራታቸውን አዩ።

«ስንት ቤት ነው እንዲህ ያለ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኙንም አስቀድሚ» አሉ። ቀጥለውም «ይህን እኔ ማየት ነበረብኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ምራትየዋ መጥራቷን ቀጠለች። እኔ ጃኬቴን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩና ከሚያስሩት ሴቶች ጋር ተቀመጥኩ። አንዷ ገመድ ወረወረችልኝ። ከወንዙ ማዶ ቀድመው ድርሻቸውን የወሰዱት ሴቶች እስራቸውን አናታቸው ላይ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ይታያሉ፤ ሰማዩ በስተምዕራብ እንደገና እየጠቆረ ነበር።